ልብሱ ይርከስ፣ ስፌቱ አይርከስ

(ደሴ ላይ ለልብስ ስፌት ሠልጣኝ እህቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል ስናገር የዘለልኩትን እዚህ ጨምሬዋለሁ። የመጨረሻዋ ነገር ግን ከአዳራሹ ከወጣሁ በኋላ የመጣች ናት።)

እንደምን አመሻችሁ? ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ከኋላ ያላችሁ ካልሰማችሁኝ እጃችሁን አውጡ። መምህር ስለሆንኩ መጮህ አይከብደኝም።

እኔ ሰፊ አይደለሁም። መርፌ ይዤ ቁልፍ ከመትከል አላልፍም። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የመምህር ደሞዝ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ካላወቃችሁም አትጠይቁኝ። እዚህ የቆምኩት ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ልብስዎን ከየት ነው የሚገዙት?» እያሉ ስላስቸገሩኝ ነው። መልሱን አንዴ ልናገርና እንገላገል።

መጀመሪያ ይህቺን ፎቶ ተቀባበሏት። ጠርዟን ብቻ ያዙ፤ ሌላ ቅጂ የላትም። እናቴ ናት። 1963 ዓ.ም.፣ እዚሁ ደሴ፣ ፎቶ ቤት። ከኋላዋ በቀለም የተሳለ ባሕርና ዘንባባ አለ። ደሴ ላይ ባሕር! የሐይቅ ውሃ እንኳ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። ፀጉሯ አፍሮ ነው። ቀሚሷን እዩት። ሰፊ ኮሌታ፣ ልክክ ያለ ወገብ፣ ከወገብ በታች እየሰፋ የሚወርድ ክሎሽ።

ልጅ ሆኜ ይህን ፎቶ ሳይ እናቴ ድሮ ሀብታም የነበረች ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳት። ሳቀች። ቀሚሱ ከታላቅ እህቷ የወረደ ነው። ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ተሰፍቷል። ቀበቶው የሌላ ካፖርት ነው። ጫማው ደግሞ የጓደኛዋ። ፎቶ ተነስታ በዚያው ቀን መልሳላታለች። ተረከዟን ልብ ብላችሁ ብታዩ ከኋላ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሰፍቷታል።

በዚያ ላይ ቀሚሱ ያኔም ቢሆን ፋሽኑ ያለፈበት ነበር። በ1963 ፋሽኑ ሚኒ ነው። እናቴ ሚኒ ማሰፊያ ስለሌላት የእህቷን የድሮ ቀሚስ ለበሰች። ዛሬ ፎቶውን የሚያይ ሁሉ «ዋው፣ ቪንቴጅ!» ይላል። እሷ ግን ቸግሯት ነው።

ቃሉን ካነሳነው፣ ቪንቴጅ የሚባለው በነጋዴዎቹ ልማድ ሃያ ዓመት ያለፈው ልብስ ነው። መቶ ዓመት ከሞላው ሌላ ስም አለው። በዚህ ሒሳብ የ1997ቱ የምረቃ ቀሚሴ ቪንቴጅ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ትንሽ ከፍቶኛል። ለማንኛውም እኛ የምንፈልገው የግድ አሮጌ ልብስ አይደለም፤ የድሮ መልክ ያለው አለባበስ ነው። ልብሱ ትናንት የተሠራ ሊሆን ይችላል። መልኩን የሚሰጠው ቅዱ ነው። ቅድ ደግሞ የእናንተ ሥራ ነው። የዛሬ ንግግሬ ይኸው ነው፣ ሌላው ማብራሪያ ነው።

ትንሽ ታሪክ ልጨምርላችሁ፣ ቶሎ እጨርሳለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ልብስ በኩፖን ነበር፤ ከ1941 እስከ 1949 እ.ኤ.አ.። ጨርቅ ስለጠፋ ጉርዱ ጉልበት ላይ ቀረ፣ ጠበበ፣ የቁልፍና የኪስ ቁጥር ሳይቀር ተወሰነ። መንግሥት ራሱ ሴቶች አሮጌውን እየፈቱ እንዲሰፉ ያስተምር ነበር። ዛሬ «የአርባዎቹ ስታይል» ተብሎ የሚደነቀው ያ ነው፤ የእጥረት ልጅ። ከዚያ በ1947 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ዲዮር ፓሪስ ላይ ወገቡ የተሰበሰበ፣ ጉርዱ ሜትር በሜትር ጨርቅ የፈጀ ልብስ አወጣ። ጨርቅ ናፍቆት የከረመው ዓለም አበደ። አንዳንዱም ተቆጣ፤ ሰው ጨርቅ አጥቶ ይህ ምን ቅብጠት ነው ብሎ። የሃምሳዎቹ ክሎሽ ከዚያ የመጣ ነው፤ እናቴ ላይ የምታዩትም የሱ የልጅ ልጅ ነው።

እኛም አገር ልብስ አጣልቷል። መጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ግቢ፣ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ተማሪዎች ተቃውመውት ነበር። የባህል ወረራ ነው አሉ፤ ሚኒውን ማለታቸው ነው። ነገሩ ከፖሊስ ጋር ግጭት ድረስ ሄዷል። እናቴ በእህቷ ረጅም ቀሚስ ስትሄድ ከሁለቱም ወገን የነካት አልነበረም።

እሺ፣ ወደ ገበያ።

ከውጭ የሚመጣውን ያገለገለ ልብስ ሰልባጅ እንለዋለን። በጉምሩክ ዜና ላይ «ልባሽ ጨርቅ» ሲባል የምትሰሙት እሱ ነው። ማስገባቱ የተከለከለ ነው፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም፣ ገበያውም ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ቦንዳ ፍቱ፣ ነግዱ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ከሰልባጁ በፊት ቤታችሁን እዩ። የእናት ሳጥን፣ የአክስት ሻንጣ፣ ወፍራ የተወችው የጎረቤት ሸሚዝ። በ2014ቱ ጦርነት ቤታቸው ተዘርፎ ሳጥን የሚባል ነገር ያልተረፈላቸው እዚህ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። የኛም ሳጥን ተሰብሯል። ይህቺ ፎቶ የተረፈችው እናቴ ኮምቦልቻ ይዛት ስለወረደች ነው፤ ለጉልበቷ ሙቀቱ ይሻለኛል ብላ እዚያ ነው የምትኖረው።

ክምር ፊት ስትቆሙ ዓይናችሁን አትመኑ። ዓይን ቀለምና አበባ ያያል። መጀመሪያ እጃችሁን ስደዱ። ዓይኔን ጨፍኜ ክምሩን ስዳብስ ሻጮቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ጥጥ ቀዝቀዝ ይላል። ሱፍ ይቧጥጣል። ፖሊስተር ያንሸራትታል። እጄ ካልወደደው አላነሳውም። ከአሥር ዘጠኙ ትናንት ተሠርቶ ዛሬ የተጣለ ስስ ነገር ነው። አሥረኛዋን ነው የምንፈልጋት።

ካነሳችሁ በኋላ ገልብጡት። ብብቱን፣ ገበሩን፣ ጠርዙን እዩ። ወደ ብርሃን አንሡት፣ ብል የበላው ይታያል። ይህን ምክር በነፃ አላገኘሁትም። አንድ ጊዜ ጥቁር ከፋይ ካፖርት አገኘሁ። ከላይ ሲያዩት የንግሥት ነው። ሳልገለብጥ ከፈልኩ። ሠርግ ቤት ለብሼው ሄድኩ። እስክስታ ተጀመረ፣ ጎትተው አስነሱኝ፣ ክንዴን ሳነሳ ከብብቴ እስከ ወገቤ ተቀደደ። ጨርቁ በስብሶ ነበር። የቀረውን ሰዓት ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ ተቀመጥኩ። ምግብ እንኳ በአንድ እጄ ነው የበላሁት። እርግጥ ምግብ የሚበላው በአንድ እጅ ነው፤ ግን ገብቷችኋል።

ታጉንም አንብቡ። «ሜድ ኢን ዌስት ጀርመን» የሚል ካገኛችሁ ያዙት፣ አትልቀቁ። ምዕራብ ጀርመን የሚባል አገር ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ የለም። ልብሱ ከብዙዎቻችሁ ይበልጣል ማለት ነው። የብረት ዚፕ፣ በተለይ ጎን ላይ የተተከለ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ጠርዙና ስፌቱ ውስጥ የተተወው ትርፍ ጨርቅ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ያን ልብስ የሰፋው ሰው ነገ ሊሰፋ ወይም ሊረዝም እንደሚችል አስቦ ነው። የዛሬ ፋብሪካ እንዲህ አያስብም። ጨርቅ ይቆጥባል።

የሳይዝ ቁጥሩን ግን እርሱት። የድሮው 12 የዛሬውን 12 አያክልም፣ ያንሳል። እኔ ክር ይዤ ነው የምሄደው። ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ናት። ሦስት ቋጠሮ አላት። አንዱ ወገቤ፣ አንዱ ደረቴ፣ አንዱ ዳሌዬ። ክምሩ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ክሩን በልብሱ ላይ ዘርጋ ማድረግ ነው። ሜትር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሻጯ ሰፊ መሆናችሁን አውቃ ዋጋ ትሰቅላለች።

ዛሬ የለበስኩትን ቀሚስ ሰኞ ገበያ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ሆነ።

«ስንት ነው እህቴ?»

«ሦስት መቶ።»

«ዚፑ እኮ ተበላሽቷል።»

«ዚፑን መች ሸጥኩልሽ፤ ቀሚሱን ነው!»

በሁለት መቶ አምሳ ተስማማን። ሳቄ አምሳ ብር አስቀነሰልኝ።

ቤት ስትደርሱ ጨርቁ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ፣ አጠባው በሱ ይወሰናል። እዚህ ጋ ኬሚስትሪዬ ይጠቅመኛል። ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ ሰሃን ላይ ክብሪት አስነኩት። እንደ ወረቀት ከነደደና ወረቀት ወረቀት ከሸተተ፣ አመዱም ሲነካ ከበነነ፣ ጥጥ ነው። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ወይም ሐር ነው። ከቀለጠና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሆነ ፖሊስተር ነው። በጣታችሁ ቶሎ አትንኩት፣ ይጣበቃል። ገበያ ውስጥ እንዳትሞክሩት ደግሞ። እኔ ሞክሬ የተሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም።

ጥጥ ሙቅ ውሃ ይችላል። ሱፍ በሙቅ ውሃ ይኮማተርና የሕፃን ልብስ ይሆናል። በረኪና ሱፍና ሐር እንዳይነካ፣ ክሩን ይበላዋል። የሳጥን ወይም የቦንዳ ሽታ ካለው አቼቶ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ዘፍዝፉት። አንድ ነገር ግን በደንብ ስሙኝ። አቼቶና በረኪና አንድ ላይ አይገናኙም። ክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ፤ ሳንባ ያቃጥላል። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ክረምት ላይ የደሴ ጉም ካስቸገራችሁ ለኮምቦልቻ ዘመድ ላኩት፤ እኔ ለእናቴ እልካለሁ። ከዚህ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ይላላ።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ መጣን።

ሰዎች ገንዘባቸውን ልብሱ ላይ ይጨርሱና ሰፊ ጋ ሲደርሱ ይከራከራሉ። እኔ ግልባጩን ነው የማደርገው። ይህ ቀሚስ ሁለት መቶ አምሳ ነው፣ ማስተካከያው ሦስት መቶ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። «ከፈረሱ ጭራው» ይሉኛል። ግን ስገዛው ምን ይመስል እንደነበር አላዩም። የሰማንያዎቹ የፈረንጅ ቀሚስ ነው። ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ነበረው፣ ወታደር ያስመስላል። እጅጌው እስከ መዳፍ፣ ወገቡ ጆንያ፣ ቁልፉ ወርቅማ ፕላስቲክ። ሰፊዬ ጋሼ ስፖንጁን አወጡ። ግን ትከሻውን ሙሉ በሙሉ አልገደሉትም፤ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ተዉት። ለምን ቢባል የአርባዎቹም ትከሻ እንዲሁ ቀጥ ያለ ነበር፤ የሰማንያዎቹ ፋሽን ከነሱ ነው የቀዳው። እጅጌውን ከክርን በታች ቆረጡት። ወገቡን አጠበቡ። ከእጅጌ በተረፈው ጨርቅ ቁልፎቹን አለበሱልኝ። ስድስት ቁልፍ፣ በአሥር አሥር ብር ስልሳ። ቀበቶው የእናቴ ነው፤ አዎ፣ ፎቶው ላይ ያለው።

ስትገዙ በትከሻ ግዙ። ወገብ ይጠባል፣ ጠርዝ ያጥራል፣ ደረትም እንደ ነገሩ ይስተካከላል። ትከሻ ከተበላሸ ግን ልብሱን እንደ አዲስ መስፋት ነው፤ ለርካሽ ልብስ ያ ሁሉ ድካም አያዋጣም።

ለሠልጣኞች ደግሞ አንድ ቅሬታ አለኝ። ስሙን የማልጠራው ሰፊ ጋ አንድ ሰማያዊ ጥጥ ቀሚስ ወሰድኩ። «ሦስት ጣት አጥብብልኝ» አልኩት። በልቤ በአጠቃላይ ሦስት ጣት ማለቴ ነው። እሱ ከቀኝ ሦስት፣ ከግራ ሦስት ወሰደ። አልለካኝም፣ በመርፌ ቁልፍ አልያዘልኝም። ለብሼው መተንፈስ አቃተኝ። «ፍታው» ስለው ትርፉን ጨርቅ ቆርጦ ጥሎታል። ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው፣ ጣት መለኪያ አይደለም። ግማሹ ግን የመቀሱ ነው። እባካችሁ ካጠበባችሁ በኋላ ትርፉን አትቁረጡት። እጠፉትና ውስጥ ተዉት። ሴት ልጅ ትወፍራለች፣ ትወልዳለች፣ ትከሳለች። ልብሱ ለልጇም ይተርፍ ይሆናል።

ስለ አደራረጉ ብዙ አልልም። ከራስ እስከ እግር ድሮ ከሆናችሁ ለቲያትር የወጣችሁ ትመስላላችሁ። ቀሚሱ የድሮ ከሆነ ጫማው የዛሬ ይሁን። ታኮ ጫማ ለደሴ ዳገትና ጭቃ አይሆንም፤ ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ በታኮ የወረደች ካለች እጇን ታውጣ። ዝቅ ያለ፣ ማሰሪያ ያለው ጥቁር ጫማ ይበቃል፤ ቀለም ቀቡት። ብርዱን ደግሞ አትርሱ። ወገብ ላይ የሚቀር አጭር ሹራብ ፈልጉ፤ ረጅሙ ሹራብ የተከፈለበትን ወገብ ይሸፍናል። የኔ መቶ ሰማንያ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል ስወርድ አንዱ መታጠፊያ ላይ አወልቀዋለሁ፣ ስመለስ ደግሞ ያው መታጠፊያ ላይ እለብሰዋለሁ።

ሂጃብ የምታደርጉ እህቶቼ ከእኔ ይልቅ ይቀላችኋል። ረጅም ክሎሽ፣ ዝግ ያለ ኮሌታ፣ ሙሉ እጅጌ የዚያ ዘመን ልብስ ራሱ ነው፤ ምንም መቀየር አይጠይቅም። የሻሹን ቀለም ከልብሱ አበባ ውስጥ ካለችው ትንሿ ቀለም ምረጡ፣ ከትልቋ አይደለም። ከአንዲት ተማሪዬ የተማርኩት ነው። እኔ ላስተምራት ነበር የፈለግኩት።

ሒሳቡን ለጠየቃችሁ፣ ቀሚስ ሁለት መቶ አምሳ፣ ሰፊ ሦስት መቶ፣ ቁልፍ ስልሳ፣ ሹራብ መቶ ሰማንያ። ሰባት መቶ ዘጠና ብር። ጫማው ከድሮም የኔ ነው፣ ቀበቶው በውርስ። እናቴ በሕይወት ስላለች ውርስ አይባልም እንጂ። ስርቆት በሉት።

ፎቶዬስ? የት ደረሰች?

(እዚህ ላይ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሠልጣኝ ፎቶዋን ይዛ ተነሳች። ከዚያች ቀን በፊት አይቻት አላውቅም። «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ኮሌታው የቀሚሱ አይደለም» አለች። «ምን ማለት ነው?» አልኳት። «ጨርቁ ሌላ ነው። ቀጭን ቀጭን መስመር አለው። ቀሚሱ የለውም። ሌላ ልብስ ቆርጠው ነው የተኩት።» ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። እውነቷን ነው። ይህን ፎቶ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ፤ መስመሩን አላየሁትም።

ማታ ለእናቴ ደወልኩላት። ኮሌታው ከየት መጣ አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ።

«ኮሌታው አልቆ ነበር» አለች። «ከሸሚዝ ጭራ ቆርጬ ነው የተካሁት። ውስጥ የሚገባው ስለሆነ አይታወቅም ብዬ።»

«የማን ሸሚዝ?»

«የአባትሽ ነዋ።»

እነሱ የተጋቡት በ1965 ነው። ፎቶው የ1963 ነው። ይህን ስላት ሳቀች፣ ከዚያ አስጠነቀቀችኝ። «ለማንም እንዳትነግሪ።»)